የጤፍ ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል?

ዛሬ ማታ እንጀራ ከመቅረቡ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ቤት ውስጥ ያልተፈጨ ጤፍ ካላችሁ አንዲት ፍሬ ብቻ ነጥላችሁ ልጃችሁ መዳፍ ላይ አድርጉ። ከዚያ «የት አለች?» በሉት። ሲፈልጋት ትጠፋዋለች። ስሟም «ጠፋ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። የአንዲት የስንዴ ፍሬ ክብደት እንዲሞላ 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል።

ለዚች ለማትታይ ፍሬ ነው እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ ነጋዴዎች ፍርድ ቤት የተካሰሱት፣ አሜሪካ ውስጥ እርሻ የታረሰው፣ የኛም መንግሥት ከአገር እንዳትወጣ ብሎ ያገደው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ልጆቹም እንዲከታተሉ።)

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ እዚህ ክሪስታል ሲቲ ምግብ ቤቴ አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። አሌክሳንድሪያ ነው ያደገው፣ ኮምፒዩተር ተምሮ ጥሩ ደመወዝ ያገኛል። ክትፎውን ሳይጨርስ ላፕቶፑን አወጣና «እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ... ላሳይዎት» አለኝ። እዚህ ያደጉት «አንቺ»ና «እርስዎ» ይደባለቅባቸዋል፣ አልቀየምም። የጤፍ ቢዝነስ ሊጀምር ነው። በጤፍ ዱቄት የሚሠራ ብስኩት፣ ለፈረንጅ ሱቆች። ሥራውን ሊለቅ ነው። ከእኔ የፈለገው 10,000 ዶላር ነው። እናቱ ምንም አልተናገረችም፣ ዓይን ዓይኔን ብቻ ታየኛለች። «አበርቺልኝ» ትበለኝ «ተይው በይልኝ» አልገባኝም።

«አሥር ቀን ስጠኝ» አልኩት። አማዞን እዚህ ሰፈር ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከከፈተ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ «ስታርታፕ» የሚለውን ቃል «ሚጥሚጣ ጨምሩልን» ከሚለው እኩል ነው የምሰማው፣ ቃሉ አያስደነግጠኝም። ግን የራስ ሰው ልጅ ሲሆን ሌላ ነው። በአሥሩ ቀን ያነበብኩትንና ቀድሞም የማውቀውን ለእናንተ ላካፍል። እንዲህ ያለ ልጅ እናንተም ቤት አለ፣ ወይ አንድ ቀን ይመጣል።

መጀመሪያ ስለ አይዳሆው ሰው ላውራ። ዌይን ካርልሰን ይባላል፣ የባዮሎጂ ባለሙያ ነው። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ገጠር ሲሠራ ከገበሬው ጋር ኖሮ እንጀራ ለመደ። ወደ አገሩ ተመልሶ አይዳሆ ሲገባ የስኔክ ወንዝ አካባቢ መሬትና አየሩ የእኛን ስምጥ ሸለቆ አስታወሰው። ዘሩን ሞከረ፣ በቀለለት። በ1980ዎቹ እዚህ አገር ለተሰደድነው መሸጥ ጀመረ። «መስቀል ጤፍ» የሚለውን ከረጢት የማታውቁ ካላችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ከዚያ በፊት እዚህ የነበሩት ምን ይበሉ እንደነበር ታውቃላችሁ? ሴልፍ ራይዚንግ የሚባለውን የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጠው፣ ምናልባት በቆሎ ጨምረው፣ ቴፍሎን መጥበሻ ላይ ያፈሱታል። ዓይን አለው፣ ጣዕም የለውም። እናትየው «እንጀራ ነው» ትላለች፣ ልጁም እንጀራ ማለት ያ ይመስለዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ፈረንጁ ዘራችንን ወሰደ» ሲል እኔ ዝም አልልም። ሰውየው አርሶ፣ አጭዶ፣ አጓጉዞ ነው የሸጠልን። ደንበኛ መሆናችንን ከእኛ በፊት ያየ እሱ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ ከእኛ መሀል ታክሲ የሚነዳ የግብርና ምሩቅ ሞልቶ ነበር፣ አይዳሆን የሚያስብ ግን አንድ አልነበረም።

አሁን ጤፍ ኔቫዳም ይበቅላል። ብዙ አሜሪካዊ ገበሬ ደግሞ የሚዘራው ለፍሬው ሳይሆን ለድርቆሽ ነው፣ ለፈረስ። አገር ቤት ጭዱን ከጭቃ አቡክተን ግድግዳ የምንመርግበትን እዚህ ፈረስ ይቀለብበታል።

የኔዘርላንዱ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው፣ እሱ ላይ ሆዴ አይችልም። በ2003 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ2005 ደግሞ ኤች ፒ ኤፍ አይ በሚባል ኩባንያ ስም ከኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ተቋም ጋር ውል ተፈረመ። ውሉን ወረቀት ላይ ስታዩት ያማረ ነው፤ ኩባንያው የጤፍ ዘሮችን ይጠቀማል፣ ከሚያገኘው ለኢትዮጵያ ያካፍላል። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ መብቱን ሰጠ። ዱቄቱም፣ ከዱቄቱ የሚሠራውም በፈጠራ ስም ተያዘ ማለት ነው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። እስከዚያ ድረስ ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ ጠቅላላ 4,000 ዩሮ ነው። አራት ሺህ! እዚህ ሰፈር የአንድ ትንሽ ሱቅ የወር ኪራይ አይከፍልም። ኩባንያው ሲሞት ውሉ አብሮት ሞተ፣ የፈጠራ መብቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ዞሮ ቀጠለ።

የፈረሰው እንዴት መሰላችሁ? መብቱን የያዘው ኩባንያ ሌላ የኔዘርላንድ ነጋዴ በጤፍ ሠራ ብሎ ከሰሰ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ «እዚህ ውስጥ ፈጠራ የሚባል ነገር የለም» በሚል መብቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ከሳሹ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ገባ። እኔ ዜናውን የሰማሁት በ2019 መጀመሪያ ነው፣ ምጣዱ ላይ ቆሜ። ያን ቀን ያጋገርኩት እንጀራ ሁሉ እንደ ልቤ ነው የወጣው።

አገራችን በበኩሏ በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ አገደች። ምክንያቱ ዋጋው ነው፣ የአገሬው ሰው መሶብ ባዶ እንዳይቀር። ያኔ እኛ የውጭ ምግብ ቤቶች አጉረመረምን፣ እኔም አጉረምርሜያለሁ። አሁን ሳስበው ግን አዲስ አበባ በኪሎ የምትሸምት እናት ከእኔ ጋር በዶላር ትወዳደር ማለት ትክክል አልነበረም። ከ2015 ወዲህ እገዳው ለአንዳንድ እርሻዎች ላላ ተብሏል። የተጋገረ እንጀራ ግን ድሮም አልታገደም፣ እዚያ ላይ ነው የብልህ ሰው ሥራ የገባው። ኃይሉ ተሰማ በ2003 ያቋቋሙት ማማ ፍሬሽ አዲስ አበባ ጋግሮ በአውሮፕላን እዚህ ዋሺንግተን ድረስ ይልካል። ዱቄቱ ታግዶ እንጀራው ይበራል! የመጋገሩ ደመወዝ አገር ቤት ይቀራል ማለት ነው። ለንደን ደግሞ ዮናስ ዓለሙ የሚባል የቀድሞ የባንክ ሰው አለ፣ ላቭግራስ በሚል ስም ከኢትዮጵያ ጤፍ የፓንኬክ ዱቄትና ፓስታ አሠርቶ ለአውሮፓ ሱቆች ያቀርባል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ የእናንተን ክፍል ልንገራችሁ። ቴክኖሎጂ ሲባል ስልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አይቻልም ይባል ነበር፣ አበባዋ በጣም ትንሽ ስለሆነችና ራሷን በራሷ ስለምታዳቅል። በ1970ዎቹ ታረቀ በርሄ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባዋ የምትከፈተው ማለዳ፣ በኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ በማጉያ መነጽር እያዩ በእጅ ማዳቀል ተቻለ። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም ነጩን ማኛ ምርቱ ከሚበረክተው ዱከም ጋር አዳቅሎ በ2006 «ቁንጮ»ን አወጣ። ነጭም ነው፣ ምርትም ይሰጣል፣ ገበሬው ወደደው። የቀረው ችግር መጋሸብ ነው፤ የጤፍ አገዳ ቀጭን ስለሆነ ዝናብና ንፋስ ሲመታው ይተኛል፣ ማዳበሪያ ሲጨመርበት ይብሳል። ለዚህ የስዊስ በርን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ «ተስፋ» የሚባል አጭር ቁመና ያለው ዘር በ2017 ወጥቷል።

ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሮጡት ወደዚህ አይደለም። ወደሚያብረቀርቀው ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ዳንቪል ላይ ኤሮፋርምስ የተባለው ኩባንያ ፀሐይ በሌለበት ሕንፃ በኤሌክትሪክ መብራት ሰላጣ የሚያበቅል ትልቅ እርሻ ከፈተ፣ በ2023 የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። ባወሪ የሚባለው በ2021 ዋጋው 2.3 ቢሊዮን ዶላር ነው ተብሎለት በ2024 ተዘጋ። ሪችመንድ አጠገብ እንጆሪ የጀመረው ፕለንቲም በ2025 ፍርድ ቤት ገባ። እኔ ሰላጣ በየቀኑ እገዛለሁ። ፀሐይ በነጻ የምታበስለውን በመብራት ቢል አብስሎ ለእኔ በርካሽ የሚሸጥልኝ እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ ቢሊዮን አያስፈልግም ነበር።

የራሳችን ሰዎችም ሞክረዋል፣ ወድቀውም ተነሥተዋል። እሌኒ ገብረ መድኅን በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ካቋቋሙ በኋላ በ2017 ብሉሙን የሚባል፣ በግብርና ላይ አዲስ ሐሳብ ያላቸውን ወጣቶች የሚያሠለጥንና መነሻ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አዲስ አበባ ከፍተዋል። ሣራ መንክር ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ኒው ዮርክ ሞርጋን ስታንሊ የሠራች ልጅ ናት። ግሮ ኢንተለጀንስን አቋቋመች፤ የዓለምን የዝናብ፣ የአዝመራና የዋጋ መረጃ አንድ ላይ የሚያሰባስብ። በ2021 ብቻ 85 ሚሊዮን ዶላር ኢንቨስተሮች ሰጧት። በግንቦት 2022 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርባ በዓለም ጎተራ ያለው ስንዴ ለ10 ሳምንት ያህል ብቻ እንደሚበቃ ተናገረች። እኔ ያን ቪዲዮ ለልጆቼ ደጋግሜ አሳይቻቸዋለሁ። በ2024 ኩባንያው ተዘጋ። ቪዲዮውን አላጠፋሁትም።

አሁን የራሴን ልናገር። ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ እኔና አምስት ጓደኞቼ አገር ቤት ለጤፍ እርሻ ብለን ለአንድ የምናውቀው ሰው ገንዘብ አዋጣን። የኔ ድርሻ 8,000 ዶላር ነበር፣ የእቁብ ገንዘብ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። መሬቱ በማን ስም እንደተያዘ አልጠየቅንም። ዝናብ ሲደርስበት ማን በፍጥነት እንደሚያጭደው፣ ማን እንደሚወቃው፣ ማን እንደሚገዛው አልጠየቅንም። ፎቶ ግን ብዙ ተላከልን፣ አረንጓዴ፣ የሚያምር ፎቶ። በመጨረሻ ጤፉ ተኛ፣ ገንዘቡም አብሮት ተኛ። ከአምስቱ ጓደኞቼ ከሁለቱ ጋር ዛሬም ሰላምታ ብቻ ነው ያለን።

ስለዚህ ወጣቱ በአሥረኛው ቀን ሲመጣ ላፕቶፑን እንዲዘጋ ነገርኩት። ጤፉን ከማን በስንት እንደሚገዛ ጠየቅሁት፤ አይዳሆና ኔቫዳ ደውሎ ዋጋ ይዞ ነበር፣ ደስ አለኝ። አንድ ብስኩት ስንት እንደሚያስወጣው ጠየቅሁት፤ የማሸጊያውን ረስቶታል። ማን እንደሚገዛው ስጠይቀው «ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች» አለ። ይህ ትልቅ ገበያ ነው፣ አደራውም ከባድ ነው። እናንተም ይህን ልብ በሉ፦ ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፣ እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙው ስንዴ ወይም ገብስ አለበት። የኔም የተለመደው እንጀራ ገብስ አለው፣ ንጹሕ ጤፍ የሚፈልግ ቀድሞ ይንገረኝ። ሆዱ የሚታመም ልጅ ካላችሁ «ጤፍ ነው» የሚለውን የባለሱቅ ቃል ብቻ አትመኑ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በአንድ ምጣድ ሁለቱንም የሚጋግር ቤት ከሆነም ጠይቁ።

«ብስኩቱንስ ስንት ጊዜ ጋግረኸዋል?» አልኩት።

ዝም አለ። «እትዬ፣ ገና አልጋገርኩም። መጀመሪያ ኢንቨስተር ላግኝ ብዬ ነው።»

እናቱ ይኼኔ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ።

10,000 ዶላሩን አልሰጠሁትም። የሰጠሁት ሰኞ ሰኞ ምግብ ቤቱ ስለሚዘጋ የኩሽናውን ቁልፍና አንድ ከረጢት ጤፍ ነው። ሥራውንም እንዳይለቅ አስማልኩት። የመጀመሪያው ሰኞ ብስኩቱ ከትሪው ሲነሣ እንደ አሸዋ ፈረሰ፣ ጤፍ የሚያያይዘው ግሉተን የለውም አላልኳችሁም? በሁለተኛው ሰኞ እናቱ ተልባ ይዛ መጣች። ዛሬ ሦስተኛው ነው፣ ይህን ስጽፍ ከኩሽናው ሽታው እየመጣ ነው፣ አንዱ ትሪ ትንሽ ያረረ ይመስለኛል።