አምስተኛው የስልክ ትውልድና የፋብሪካ ሥራ

ተንቀሳቃሽ ስልክ ከተፈለሰፈበት ዘመን አንሥቶ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ የተዘረጋው የሬዲዮ መረብ ሁሉ ዋና ባለጉዳዩ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ አጭር መልእክቱን፣ በመጨረሻም ሥዕሉንና ፊልሙን ሲያመላልስለት ኖሯል። ሰው ደግሞ ታጋሽ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ድምፅ ቢቆራረጥበት «ምን አልከኝ?» ብሎ ያስደግማል፣ ሥዕል ቢዘገይበት ይጠብቃል። በፋብሪካ ውስጥ ብረት እያነሣ የሚያቀብል የሮቦት ክንድ ግን፣ «ቁም» የሚለው ትእዛዝ በጊዜው ካልደረሰው ሥራውን ማበላሸቱ ሳያንስ በአጠገቡ የቆመውን ሠራተኛ ሊጎዳ ይችላል። አምስተኛው ትውልድ በሕዝብ ዘንድ በፍጥነቱ ቢመሰገንም፣ ከቀደሙት የሚለይበት ዋናው ባሕርይ ይህን ትዕግሥት የሌለውን ባለጉዳይ ያገለግል ዘንድ መታሰቡ ነው።

መንበሩ በጄኔቭ የሆነው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መስፈርት፣ አዲሱ መረብ ሦስት ልዩ ልዩ ግብር እንዲኖረው ደንግጓል። አንደኛው፣ በሰከንድ እስከ 20 ጊጋቢት የሚደርስ ብዙ መረጃ ማውረድ ነው፤ ሁለተኛው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000,000 መሣሪያዎችን ማስተናገድ ነው፤ ሦስተኛውና ለኢንዱስትሪ የላቀው ደግሞ፣ ከ100,000 አጫጭር መልእክቶች 99,999ኙን በሰከንድ አንድ ሺኛ ጊዜ ውስጥ በሬዲዮው በኩል ማድረስ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ለመፈጸም መሐንዲሶች የጊዜን አከፋፈል ራሱን መለወጥ ነበረባቸው። አራተኛው ትውልድ የአየሩን ሞገድ የሚያድለው በሰከንድ አንድ ሺኛ እየከፈለ ሲሆን፣ አምስተኛው ግን ያንኑ ክፍል ወደ ግማሽ፣ ወደ ሩብ፣ እስከ ስምንተኛ እጅም ድረስ ለማሳነስ ይችላል። ደግሞም በቀድሞው ሥርዓት መሣሪያ ሁሉ፣ በጉባኤ መካከል ለመናገር እጁን አንሥቶ ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው፣ መልእክቱን ከመላኩ በፊት ማማውን ይለምን ነበር፤ አሁን ግን ለተመረጡት መሣሪያዎች ተራቸው አስቀድሞ ስለሚመደብላቸው ሳይለምኑ ይልካሉ፤ አስቸኳይ ትእዛዝ በመጣ ጊዜም በመተላለፍ ላይ ያለውን ተራ መረጃ አቋርጦ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። ይሁን እንጂ ሕገ ተፈጥሮ አይታለልም፤ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ደርሶ መልስ የሚሄደው ከ100 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ የሮቦቱን ሥራ የሚያስበው ኮምፒዩተር በሩቅ አገር መቀመጡ ቀርቶ ወደ ፋብሪካው ቅጥር እንዲቀርብ ግድ ሆነ።

መረቡ ይህን ያህል ቢሰናዳም፣ የወደብ ክሬን የሚሠራው፣ ድሮን የሚያበርረውና የፋብሪካ ጋሪ የሚነዳው ባለሙያ ሁሉ የሬዲዮን ምሥጢር ጠንቅቆ ይወቅ ማለት አይቻልም። በ1998 የተመሠረተውና የሞባይልን ደንብ የሚያወጣው የዓለም አቀፍ ማኅበራት ኅብረት፣ ስሪጂፒፒ፣ ለዚህ ችግር ያበጀው መፍትሔ በመተግበሪያውና በመረቡ መካከል የሚቆም የአገልግሎት እርከን ነው። ይህ እርከን የመሣሪያዎችን ቡድን ማደራጀት፣ ያሉበትን ቦታ ማሳወቅ፣ ማንነታቸውን ማረጋገጥ፣ የምሥጢር ቁልፋቸውን ማደል፣ አሠራራቸውን ማስተካከልና ከመረቡ የሚገባቸውን ድርሻ መጠየቅ የሚሉትን ስድስት አገልግሎቶች አንድ ጊዜ አሰናድቶ ለሁሉም ያቀርባል፤ ባለ ክሬኑም ባለ ድሮኑም እያንዳንዱ ለየራሱ ከመጀመሪያው እንዳይለፋ በዚሁ ይድናል። ይኸው ደንብ በ2020 በተጠናቀቀው አሥራ ስድስተኛ እትም ውስጥ ሲታተም፣ ኩባንያዎች ለሕዝብ የማይከፈት የግል መረብ ለማቆም የሚችሉበት ሥርዓትም አብሮ ተደነገገ።

የግል መረብ ያለ ሞገድ ከንቱ ስለ ሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ የመንግሥት ነበር። ጀርመን በ2019 የአምስተኛውን ትውልድ ሞገድ በጨረታ ለአራት የስልክ ኩባንያዎች በ6.55 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ስትሸጥ፣ ከ3.7 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ያለውን ክፍል ግን፣ ኩባንያዎቹ እያጉረመረሙ፣ ለፋብሪካዎችና ለሌሎች የአካባቢ ተጠቃሚዎች ለይታ አስቀረች፤ ከዚያው ዓመት ኖቬምበር ጀምሮም በየቅጥራቸው ልክ ፈቃድ ትሰጥ ጀመር። በዓመቱ ቦሽ የተባለው ኩባንያ በሽቱትጋርት ፎየርባኽ በሚገኘው ፋብሪካው የራሱን መረብ ሥራ አስጀመረ። ለሽቦ የማይመቹት፣ ያለ ሾፌር ዕቃ የሚያመላልሱ ጋሪዎች በእንዲህ ያለው ስፍራ ከሁሉ ይልቅ ይጠቀማሉ፤ የፋብሪካውም ጌታ የማምረቻውን መስመር በለወጠ ቁጥር ወለሉን ቆፍሮ ሽቦ ከመቅበር ያርፋል።

ለውጡ ግን እንደ ስልክ ገበያ የሚሮጥ አይደለም። ስልክ በሁለትና በሦስት ዓመት ሲለወጥ የፋብሪካ ማሽን ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ባለቤቱም ደኅና የሚሠራ ሽቦ ሳለው ያልተፈተነ ሞገድ ለማመን አይቸኩልም፣ ይህም ጥንቃቄው የሚነቀፍ አይደለም። ሻጩ ስለ ከፍተኛው ፍጥነት አብዝቶ ሲናገር፣ መሐንዲሱ የሚጠይቀው መረቡ እጅግ በተጨናነቀባት ሰዓት ትእዛዙ ስንት ይዘገያል ብሎ ነው፤ ሞገድ የሽቦን ቦታ የሚወርሰውም ለዚህ ጥያቄ ዘወትር አንድ ዓይነት መልስ ለመስጠት በቻለበት ስፍራ ብቻ ነው።