ቤት ያፈራውን፦ የወይን አገር ጉብኝትና የመንዝ እንግዳ ማረፊያ
(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። በገጠር ቤት ተከራይቶ እየሰነበቱ የወይን አገርን መጎብኘት ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ጋር ምን ያገናኘዋል? መንዝ የገብስና የበግ፣ የውርጭና የባና አገር ነው፤ ወይን አይበቅልበትም። እኔ ግን ከወይኑ በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ፦ መንገደኛ ገንዘብ ከፍሎ የሚያድርበት የገጠር ቤት ለአገሩ ሰው በረከት የሚሆነው መቼ ነው?

አስቀድሜ አንድ ቃል ላንሣ። አባቶቻችን ምድሪቱን በከፍታዋ ሲከፍሉ ሞቃቱን ቆላ፣ ብርዳማውን ደጋ፣ ከደጋም በላይ ያለውን ውርጭ አሉት። በቆላና በደጋ መካከል ያለውን፣ በግምት ከ1,500 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ምድር ግን ወይና ደጋ ብለው ሰየሙት። ከሁሉም አዝርዕት መካከል ለስሙ የተመረጠው ወይን ነው። እንግዲህ «የወይን አገር» የሚለው አነጋገር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የአየር ጠባያችንን የምንለካበት ቃል ሆኖ በየዕለቱ በአፋችን አለ።

ወይኑ ራሱ ግን ከስሙ ያነሰ ቦታ ይዞ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የምትጠቀመው በአብዛኛው ከዘቢብ የሚዘጋጅ ወይን ነው። በዘመናችን በሰፊው የሚታወቀው የወይን እርሻ በስምጥ ሸለቆው በዝዋይ የሚገኘው ነው፤ በፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ተተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ አቅርቧል። መንዝ ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በደጋውና በውርጩ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ የወይን አገር ጉብኝት የሚባለው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው በኢጣልያ የሚገኘው የቶስካና አውራጃ ነው። እዚያ የሚሄድ መንገደኛ ከተማ ውስጥ ካለ ሆቴል አያርፍም፤ በኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ለሳምንት ተከራይቶ፣ በመስኮቱ የሚያየውን የወይን ተክል ፍሬ ማታ በብርጭቆው ይጠጣል። ጠጁና ምድሩ በስም የተሳሰሩ ናቸው፤ የቶስካናው ገዥ ኮሲሞ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1716 ኪያንቲ የሚባለው ወይን ከየትኛው ምድር እንደሚገኝ ወሰኑን በአዋጅ ከልሎት ነበር።

ያማሩት ቤቶች ግን ሌላም ታሪክ አላቸው። ለብዙ ዘመን የኖሩባቸው በእኩል የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ምርታቸውን ከባለ ርስቱ ጋር ለሁለት ይካፈሉ ነበር። በእኩል ማረስ ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚያ ገበሬዎች ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ጎረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ሕግም አዲስ የእኩል ውል እንዳይፈረም ከለከለ። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። በኋላም የከተማና የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹን ገዝተው አደሱአቸው፤ ለጎብኚም አከራዩአቸው። ስለዚህ ጎብኚው በጸጥታው የሚደሰትበት ቤት፣ ጸጥ ያለው ባለቤቶቹ ስለተሰደዱ ሊሆን ይችላል።

ኢጣልያውያን ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1985 ሌላ ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ መሠረት ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ ተቀብሎ ማሳደርና ከምርቱ ማብላት፣ ማጠጣት ይችላል፤ ነገር ግን እንግዳ መቀበሉ ከእርሻው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፣ እርሻውም ዋናው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። የእንግዳ ገንዘብ እርሻውን እንዲደግፍ እንጂ እንዲተካው አልተፈቀደም። ከቶስካና ልንማር የሚገባን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

የእኛ ቋንቋ ይህንኑ አሳብ በሁለት ቃላት ይዞታል፦ ቤት ያፈራውን። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብለት ከሌላ ቦታ የተገዛ ሳይሆን ቤቱ ያፈራው ነው። የመንዝ ቤት ምን ያፈራል? በመጀመሪያ ገብስ። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅሎና ደርቆ ብቅል ይሆናል። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾና ብቅል በውኃ ተዘፍዝፈው ይጠነሰሳሉ፤ ከዚያ የተቆላው እህል ተፈጭቶና በስሎ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ ይከደናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠላው ይደርሳል። አተላው እንኳ አይጣልም፤ ለከብት ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ ጠላ ከእርሻው፣ ከበረቱና ከባለ ሙያዋ እጅ የተገኘ ነው። ሌሊት እንግዳው የሚለብሰው ባናም ከዚያው ምድር በግ የተሸለተ፣ የተፈተለና የተሸመነ ጸጉር ነው።

ጌሾው ግን ብርቱ ብርድ አይወድም፤ ከዝቅተኛው ምድር በገበያ በኩል ይወጣል። ማሩም፣ ማሽላውም እንዲሁ። ስለዚህ የዚህን አገር መጠጥ ተከትሎ መጓዝ የሚሻ ሰው ከመንዝ ደጋ ጀምሮ ወደ ሸለቆዎቹ መውረድ፣ የጀማን ገደል ከሚያዋስነው ከመርሐ ቤቴም መድረስ ይኖርበታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከውርጭ እስከ ቆላ ያለውን ምድር ሁሉ ያያል፤ በየደረጃውም የቤቱ ጓዳ ይለወጣል። ከዚህ የተሻለ የጉብኝት መስመር ለማሰብ ይቸግረኛል።

ማደሪያውስ? እዚህ ላይ የጓሳን ነገር ማንሣት ግድ ይላል። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ በግምት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል፤ ጅብራም ይበቅልበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ቆየ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ይህን ምድር ሲጠብቅ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት ባለ መብቶቹ በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ምድሩ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታወጀው የመሬት አዋጅ የቀድሞውን የባለ ርስትነት መሠረት ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ተናጋ፤ ጥበቃው ግን መልኩን ለውጦ በማኅበረሰቡ እጅ ቀጠለ። ዛሬ በዚያው ምድር ላይ በፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ የተሠራ፣ የማኅበረሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያ አለ። በሰሜን ወሎ በመቄትም ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ገበሬዎች በማኅበር የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተዋል።

ጓሳ ከቶስካና ባዶ ቤቶች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ማረፊያው የተሠራው ሰው በሄደበት ሳይሆን ሰው ጠብቆ ባቆየው ምድር ላይ ነው። ሣሩ ከሌለ የሚታይ አይኖርም፤ ጠባቂው ከሌለ ሣሩ አይኖርም።

ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ አሁን ላንሣ። በእኛ ባህል በራፍ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ የመሸበት መንገደኛ ነኝ» ያለ ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። ታዲያ እንግዳን ማስከፈል ነውር አይሆንም? እኔ እንደሚመስለኝ በሁለቱ መካከል ግልጽ ድንበር አለ። የመሸበት መንገደኛ ችግር ያመጣው ነው፤ ጎብኚ ግን ደስታ ፈልጎ የመጣ ነው። ለመጀመሪያው ማካፈል ግዴታ ነው፤ ከሁለተኛው መቀበል ፍትሕ ነው። ነውር የሚሆነው ክፍያው ለቤቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ ጠላ ጠማቂዋ የጎብኚ ፎቶግራፍ ሆና ገንዘቡ ሌላ ኪስ ሲገባ ነው።

ስለዚህ በደጋዎቻችን ላይ የእንግዳ ቤት ለመሥራት ለሚያስብ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። መሬቱ በማን የመጠቀም መብት ሥር ነው? መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብንልም በኪራይና በኢንቨስትመንት ውል ከገበሬው እጅ ለረጅም ዘመን ሊርቅ ይችላልና። ሁለተኛ፣ በገበታው ላይ ከሚቀርበው ውስጥ የአካባቢው ቤት ያፈራው ምን ያህሉ ነው? የታሸገ ቢራና የከተማ ዳቦ ብቻ ከሆነ እንግዳው መንዝ ደረሰ እንጂ መንዝን አልቀመሰም። ሦስተኛ፣ እንግዳ ባይመጣስ ቤቱ ምን ይበላል?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ የንድፈ አሳብ ጥያቄ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰው ግጭት ጎብኚን እንዳራቀ ሁላችንም እናውቃለን። በእንግዳ ገንዘብ ብቻ ለመኖር የወሰነ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። ገብሱን መዝራቱን፣ በጉን ማርባቱን ያልተወ ቤት ግን ጋኑን ለጎረቤቱ፣ ለማኅበርተኛውና ለበዓሉ ይጠነስሳል፤ መንገድ ሲከፈትም እንግዳውን የሚቀበልበት አያጣም። እርሻው ይቅደም የሚለው ሕግ በደጉ ዘመን እንደ እንቅፋት ቢቆጠርም፣ በክፉው ዘመን መጠጊያ መሆኑ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።