የሰኔ 1927 ቦክሰኞችና የወለዷቸው ፊልሞች

በሰኔ ወር 1927 ዓ.ም. ኒው ዮርክ በ12 ቀናት ልዩነት ሁለት ታላላቅ የከባድ ሚዛን የቦክስ ግጥሚያዎችን አስተናገደች። ሰኔ 6 ቀን ጄምስ ብራዶክ ማክስ ቤርን በነጥብ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰኔ 18 ቀን ደግሞ ጆ ሉዊስ የተባለ የ21 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ረታ። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት ከዚያ ወዲህ ለበርካታ ፊልሞች መነሻ ሆኗል። ሁለተኛው ግጥሚያ በተለይ በኢትዮጵያ ላይ ያንዣበበው ጦርነት በቦክስ መድረክ ላይ ጥላውን ያጠላበት ስለነበረ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው።

ካርኔራ በሰሜን ጣሊያን ሴኳልስ በምትባል መንደር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋ ነበር። በወጣትነቱ ፈረንሳይ ውስጥ በሰርከስ ጉልበቱን እያሳየ ኖረ፤ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላም ሥራውን የሚመሩለት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር የተሳሰሩ ሰዎች ነበሩ። ሰኔ 22 ቀን 1925 ዓ.ም. ጃክ ሻርኪን በዝረራ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጥቅምት 1926 ዓ.ም. ሮም ላይ ሙሶሊኒ በተገኘበት ክብሩን ሲያስጠብቅ የፋሺስቱ መንግሥት የጣሊያን ኃያልነት ምልክት አድርጎ አቀረበው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግን ማክስ ቤር 11 ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ ሻምፒዮንነቱን ነጠቀው።

ሉዊስ የተወለደው በአላባማ ግዛት ከጥጥ አራሽ ቤተሰብ ነው፤ ያደገው ግን በዲትሮይት ነው። ከእሱ በፊት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ብቸኛው ጥቁር ጃክ ጆንሰን ነጮችን በአደባባይ በመገዳደሩ ብዙ ጥላቻ ደርሶበት ነበር። የሉዊስ ማናጀሮች ይህን ስለሚያውቁ፣ በተሸነፈ ነጭ ተጋጣሚ ላይ ፈጽሞ እንዳይፎክር አስጠነቀቁት።

ሁለቱ ሰዎች ሲገናኙ የወልወል ግጭት ከተነሣ ሰባት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ የተተኮሰው ጥይት ለሙሶሊኒ የወረራ ሰበብ ሆኖ፣ የጣሊያን ወታደሮች ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እየተጓዙ ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁሮች ነገሩን እንደራሳቸው ጉዳይ አዩት። ከቺካጎ የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ኢትዮጵያን ለማገልገል ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ጋዜጦች ከሁለቱ ቦክሰኞች ጀርባ የሙሶሊኒንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ምስል የሚያሳዩ ካርቱኖች አወጡ። ሉዊስ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባወጣው የሕይወት ታሪኩ፣ ሰውየውን ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ዓላማ ማሸነፍ እንዳለበት ተነግሮት ከባድ ሸክም እንደተጫነበት ገልጿል።

በያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ። ረብሻ ይነሣል ተብሎ ስለተፈራ በርካታ ፖሊሶች ተሰማሩ፤ አስተዋዋቂውም ሕዝቡ ዘርና ቀለም ሳይለይ በጨዋነት እንዲመለከት ከግጥሚያው በፊት ተማጸነ። ካርኔራ 118 ኪሎ፣ ሉዊስ 89 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ሉዊስ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የግዙፉን ሰው ሆድና ጎን እየመታ ክንዶቹን ወደ ታች ካስወረደ በኋላ ፊቱ ላይ አነጣጠረ። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ዳኛው አርተር ዶኖቫን ግጥሚያውን አስቆመ። በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ሕዝቡ ለደስታ ጎዳና ላይ ወጣ።

ቡጢ ግን ጦርነትን አያስቀርም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በግንቦት መጀመሪያ በኦጋዴን በኩል የመጣው የግራዚያኒ ሠራዊት ከሐረር ቀጥሎ ድሬዳዋን ያዘ።

ቦክስና ፊልም አብረው ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1897 የኮርቤትና የፊትዝሲመንስ ግጥሚያ ሙሉ በሙሉ ሲቀረጽ የምስሉ ርዝመት በዘመኑ ያልታየ ነበር። ጃክ ጆንሰን ነጩን ጂም ጄፍሪስን ከደበደበ በኋላ ግን የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1912 የቦክስ ፊልሞችን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ማዘዋወርን በሕግ ከለከለ። ሕጉ እስከ 1940 ጸንቶ ስለቆየ ሉዊስ ካርኔራን ያሸነፈበት ፊልምም ከግዛት ግዛት በሕጋዊ መንገድ ሊዘዋወር አይችልም ነበር። የጥቁር ሰው ድል በዓይን እንዳይታይ የተፈለገበት ዘመን ነበር።

ስለ ቦክሰኞች የተሠሩት ፊልሞች በሦስት መንገድ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቦክሰኛው ራሱ የሚተውንበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 «ስፒሪት ኦፍ ዩዝ» በተባለው ፊልም ሉዊስ ከራሱ ሕይወት ጋር የሚቀራረብ ታሪክ ያለው፣ ጆ ቶማስ የተባለ ቦክሰኛ ሆኖ ተውኗል።

ሁለተኛው ስም ለውጦ መተረክ ነው። ደራሲው በድ ሹልበርግ እ.ኤ.አ. በ1947 በጻፈው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1956 የወጣው «ዘ ሃርደር ዜይ ፎል» የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ፊልሙ የተዋናዩ ሃምፍሪ ቦጋርት የመጨረሻ ሥራ ሲሆን፣ በተጭበረበሩ ግጥሚያዎች ዝና የተገነባለትን አርጀንቲናዊ ግዙፍ ቦክሰኛ ታሪክ ይተርካል። ተመልካቹ በዚህ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ካርኔራን ለመለየት አልተቸገረም። በእውነተኛው ሕይወት ኧርኒ ሻፍ በ1925 ዓ.ም. ከካርኔራ ጋር ተጋጥሞ ከቀናት በኋላ ሲሞት፣ ቀደም ሲል ከማክስ ቤር ጡጫ የደረሰበት ጉዳት ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ተብሎ ነበር። ፊልሙ ይህንኑ ክስተት ሲደግም፣ ያንን ጉዳት ያደረሰውን ቦክሰኛ የተጫወተው ማክስ ቤር ራሱ ነው። ካርኔራ ስሜ ጠፋ ብሎ ፊልም ሠሪውን ኩባንያ ቢከስም ተረታ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሬንዞ ማርቲኔሊ በእውነተኛ ስሙ የሕይወቱን ፊልም ሠራለት። ካርኔራ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ በተወለደባት መንደር ያረፈው ሻምፒዮን በሆነበት ዕለት ልክ በ34ኛ ዓመቱ፣ ሰኔ 22 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው።

ሦስተኛው በእውነተኛ ስም የሚሠራ የሕይወት ታሪክ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ዘ ጆ ሉዊስ ስቶሪ» ሉዊስን የተጫወተው ኮሊ ዋላስ ራሱ ቦክሰኛ ሲሆን፣ መልኩም ከሉዊስ ጋር ይመሳሰል ነበር። የእውነተኛዎቹ ግጥሚያዎች ምስልም በፊልሙ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮን ሃዋርድ የሠራው «ሲንደሬላ ማን» ደግሞ የብራዶክ ታሪክ ነው። ብራዶክ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን በወደብ ጭነት ሥራ የኖረ፣ ቤተሰቡን ለመመገብ የመንግሥት ድጎማ የተቀበለና ገንዘብ ሲያገኝ ድጎማውን የመለሰ ሰው ነበር። ብራዶክን የተጫወተው ራስል ክሮው ጽናቱን በሚገባ አሳይቷል። ፊልሙ ግን ማክስ ቤርን ሰው በመግደሉ የሚኩራራ ጨካኝ አድርጎ በማቅረቡ ተተችቷል። ቤር ከእሱ ጋር ተጋጥሞ በሞተው ፍራንኪ ካምቤል ምክንያት በጸጸት የኖረና የሟቹን ቤተሰብ የረዳ ሰው ነበር። ለአንዱ ጀግንነት ሲባል በሌላው ላይ የማይገባ ጥቁር ቀለም መቀባት የዚህ ዓይነት ፊልም ትልቁ አደጋ ነው።

ሉዊስ ብራዶክን ሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ልክ በዓመቱም ቀደም ሲል እሱን አሸንፎት የነበረውን ጀርመናዊ ማክስ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ሻምፒዮንነቱን ይዞ ወደ 12 ዓመት ገደማ ሲቆይ 25 ጊዜ ክብሩን አስጠብቋል።

በኢትዮጵያ ሕይወታቸው ለፊልም የመብቃት ተመሳሳይ ዕድል የገጠማቸው ሯጮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ኢንዱራንስ» ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንደ ሉዊስ የራሱን ሕይወት ራሱ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «አትሌቱ» ደግሞ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን የአበበ ቢቂላን ታሪክ ሲተርክ፣ ራስ ኤላስ ላቀው አበበን ሆኖ ተውኗል፤ ፊልሙንም በጋራ ዳይሬክት አድርጓል። ሉዊስ ለኢትዮጵያ ጭምር የተሸከመው ድል በጣሊያናዊ ቦክሰኛ ላይ በኒው ዮርክ ተገኘ፤ ከ25 ዓመት በኋላ አበበ በጣሊያን ዋና ከተማ ጎዳናዎች ላይ ኢትዮጵያዊ ድል አስመዘገበ። ሁለቱንም ታሪኮች ፊልም ለትውልድ አቆይቷቸዋል።