ጣራው የመጨረሻው ፎቅ ብቻ አይደለም

አሽዶድ ውስጥ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። አምና ቀለም የተቀባው ቦታ እንደገና ቢጫ ክብ ከሠራ ባልዲ ይመጣል፣ አልጋው ከቦታው ይጎተታል። ከዚያ ስልክ ይጀመራል፤ ለልጅ፣ ለቫአድ ባይት፣ ለአሚዳር፣ በመጨረሻም ደረጃው ላይ ቁጥሩን ለጥፎ ለሄደ ካብላን።

በሮቫ ዩድ ቤት ይህንን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። መጨረሻውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጎረቤቶቹ «የሚያፈሰው አንተ ቤት ነው፣ አንተው አሠራው» ይላሉ፤ አባትም ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሚመጣውን ቀሳ ቆጥበው ብቻቸውን ይከፍላሉ። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ ያው ቦታ ያፈሳል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንደኛው የጣራው ዕዳ የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መለወጥ የነበረበትን ጣራ ሲጠጋግኑ መኖር።

ከሕጉ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የመሬት ሕግ (ሖክ ሃሜካርኬዒን) ብዙ ባለቤት ባለበት ሕንፃ ጣራውን፣ የውጭ ግድግዳውን፣ መሠረቱንና ደረጃውን የጋራ ንብረት ይላቸዋል። የጋራ ንብረት ሲበላሽ የሚያሳድሰው ሁሉም ባለቤት ነው። የሕንፃው ደንብ ሌላ ካላለ በቀር መዋጮው በየቤቱ ስፋት ይከፋፈላል፤ 100 ካሬ ሜትር ያለው 70 ካሬ ካለው ይበልጥ ያዋጣል። ምድር ቤት የሚኖረውም፣ ጠብታ አይቶ የማያውቀውም ይከፍላል። ሕጉ ላይ ያለው መደበኛ ደንብም አንድ ባለቤት ሳይጠገን ቢቀር ቤቱን የሚጎዳ ነገር ካለ፣ ጥገናው እንዲሠራ ቫአዱን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ አዛውንት ሲጠይቁ መብታቸውን ነው የሚጠይቁት፤ ልመና አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይጣራ። በአንዳንድ ሕንፃ ጣራው ወይም የጣራው ክፍል ለአንድ ቤት ተብሎ ታቡ ላይ ተመዝግቧል። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ ስለሚለይ ክርክር ከመጀመሩ በፊት ከልጆቻችሁ አንዱ የታቡውን ወረቀት ያውጣላችሁ።

ቫአዱ እምቢ ካለስ? ጩኸት አያስፈልግም። እርጥቡን ቦታ ቀኑ እንዲታወቅ አድርጎ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጽፎ በዶአር ራሹም መላክ። የቃል ስሞታ ደረጃ ላይ ይቀራል፤ የተመዘገበ ደብዳቤ ግን ማስረጃ ነው። ያም ካልሠራ እንዲህ ያለውን የጎረቤት ክርክር የሚዳኝ የመሬት ምዝገባ ተቆጣጣሪ (ሜፋኬያሕ) አለ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴርን ነጻ የሕግ እርዳታ መጠየቅ ይችላል። በአሚዳር ቤት የምትኖሩ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ባለቤቱ አሚዳር ስለሆነ ጥያቄው ወደዚያ ይሄዳል፣ የጥያቄውንም ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ካብላን ጠርታችሁ ከኪሳችሁ አትክፈሉ።

ጠላት በተኮሰው ሚሳይል ስብርባሪ ጣራው ወይም ዱድ ሼሜሹ ከተበሳም ለካብላን ከመክፈላችሁ በፊት ማስ ረኹሽን አስታውቁ። የጦርነት ጉዳት በቀጥታ ከደረሰ ካሣው ከመንግሥት ነው።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ። እኔ እዚሁ አሽዶድ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የሣር ክዳን ያየሁት በፎቶ ነው። ከአባቶች እንደሰማሁት በጎንደር ገጠር ክዳኑ ሲያረጅ መንደሩ በደቦ ይጠራል፣ ሣሩ ታጭዶ ይመጣል፣ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፣ በቀን በሁለት ቀን ጎጆው አዲስ ይሆናል። የምድጃው ጭስም ሣሩን ከምስጥና ከብስባሽ ይጠብቀዋል፤ ሰው ያልኖረበት ጎጆ ቶሎ የሚፈርሰውም ለዚህ ነው። ኋላ የመጣው ቆርቆሮ ሲያፈስ ደግሞ ቀና ብሎ ምስማሩ ዘንድ ማየት ነበር፤ ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ውሃም የገባበት ነው።

የአሽዶድ ጣራ እንዲህ አይነበብም። ይህ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። ውሃ በአንድ በኩል ይገባል፣ በኮንክሪቱና በሽፋኑ መካከል ይሄዳል፣ ሜትሮች ርቆ ይንጠባጠባል። ስለዚህ «ከአልጋዬ በላይ ነው» ብሎ እዚያው ላይ ሬንጅ ማስቀባት ብዙ ጊዜ ገንዘብ መጣል ነው። ቤት ገብቶ ኮርኒሱን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚነግር ካብላንም ጣራውን አላየም ማለት ነው።

ደግሞም እርጥበት ሁሉ ከጣራ አይመጣም። ዝናብ በጣለ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚሰፋ፣ በበጋ ደርቆ ቢጫ ጠርዝ የሚተው ከሆነ ጣራ ወይም የውጭ ግድግዳ ነው። በሐምሌም በነሐሴም ከረጠበ ግን ቧንቧ ይጠርጠር፤ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው ሲዞር ከታየ መልሱ ተገኘ። ክረምት ላይ በየማዕዘኑ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ነው፤ መስኮት ተዘግቶ ወጥ ሲሠራና ልብስ ሲሰጣ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ለእርሱ መስኮት መክፈት ይበቃል፤ ጣራ መለወጥ አያስፈልግም።

የጣራው ልብስ ምንድነው? በብዙ ሕንፃ ላይ ያለው ካብላኖች ዬሪዖት የሚሉት፣ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል የሬንጅ ሽፋን ነው። ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጋዝ እሳት እየቀለጠ ኮንክሪቱ ላይ ይለጠፋል። በላዩ ያለው ነጭ ጠጠር ወይም ነጭ ቀለም ከፀሐይ ይጠብቀዋል። በደንብ ከተሠራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። አገሪቱ ለታላቁ ዓሊያ በጥድፊያ በገነባችበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ብዙዎቻችሁ በሰሎሞን ዘመቻ በመጣችሁበት በ1991 አካባቢ የተሠራ ሕንፃ ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ያለው ቤት ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ሽፋን ለብሶ መሆን ነበረበት። ቫአዱን «መጨረሻ የተሠራው መቼ ነው? ወረቀቱ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስ ከሌለ ያም አንድ መልስ ነው።

ጣራ ላይ እናንተ አትውጡ፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይውጣና በስልኩ ቪዲዮ ያንሳ። የሚታየው ይኸው ነው፦ የውሃ መውረጃው በቅጠልና በእርግብ ኩስ ተደፍኗል ወይ? ዝናቡ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላም የተኛ ውሃ አለ ወይ? ሽፋኑ እንደ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተነፍቷል ወይ? ስፌቱ ተከፍቷል ወይ? ጣራው ከዙሪያው ግንብ ጋር የሚገናኝበት ቦታስ? ከሁሉ በላይ ዱድ ሼሜሹ የቆመበትን እግር ተመልከቱ። ከ1980 ወዲህ በሚሠራ መኖሪያ ቤት ዱድ ሼሜሽ በአብዛኛው ግዴታ ስለሆነ ጣራዎቻችን በጋን የተሞሉ ናቸው፤ ቴክኒሻን ጋን በለወጠ ቁጥር ሽፋኑን ይረግጣል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ማንም አይነግራችሁም።

ሽፋኑ 10 ዓመት ካልሞላው፣ የሚያፈሰውም በአንድ ቦታ ከሆነ መጠገን ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ቤት የሚያፈስ ከሆነ፣ ጥጋን በጥጋን ላይ ከተደራረበ፣ ጠጠሩ አልቆ ጥቁሩ ሬንጅ ከተሰነጣጠቀ ጊዜው አልፎበታል። ኮንክሪት እየተቀረፈ የዛገ ብረት ከታየ ደግሞ ከካብላን በፊት መሐንዲስ ይጠራ፤ የባሕር አየር ባለበት ከተማ ብረት ከዛገ ወደኋላ አይመለስም።

«ታማ ሊመጣ ነው፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ለምን እናሳድሳለን» የሚል ወሬም አለ። ታማ 38 የታሰበው ከጥር 1 ቀን 1980 በፊት ፈቃድ ላገኙ ሕንፃዎች ነው። በ1990ዎቹ ለተሠራ ቤት ይህንን ተስፋ ብሎ ባልዲ ይዞ መቀመጥ አይገባም። ሌላ የግንባታ ዕቅድ ቢኖር እንኳ ከፊርማ እስከ ሥራ ብዙ ክረምት ያልፋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሬንጁ የሚለጠፈው በደረቀ ኮንክሪት ላይ ስለሆነ የጣራ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ከሮሽ ሃሻና እስከ ሱኮት ሠራተኛ አይገኝም፤ ሲግድ ሲደርስ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ስብሰባው ከፋሲካ በኋላ፣ ሥራው እስከ ነሐሴ ቢሆን ይመረጣል። በኅዳር የሚጠራ ካብላን የተቸገረን ሰው ዋጋ ይጠይቃል።

ወደ ካብላኑ እንምጣ። ቤተ እስራኤል የግንበኛና የአንጥረኛ ልጆች ናቸው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በጎንደር ቤተ መንግሥቶች ግንባታ የእኛ ሰዎች እጅ እንደነበረበት ይጽፋሉ። ጥሩ ባለሙያን ከመጥፎው መለየት ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያስቸግረው ዕብራይስጡና ወረቀቱ ነው። በእኔ አስተያየት ልጆች መግባት ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ለእናት «ፈርሚ» ከማለት በፊት አብሮ ተቀምጦ ማንበብ።

ቢያንስ ሦስት ካብላን ጣራው ላይ ወጥቶ ይለካ። ዋጋውን በካሬ ሜትር፣ ማዓምን ጨምሮ፣ በጽሑፍ ይስጥ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሥራ እየተናገሩ መሆናቸው ይጣራ፤ አንዱ አሮጌውን አንስቶ 5 ሚሊ ሜትር ሊለጥፍ፣ ሌላው ነጭ ቀለም ብቻ ሊቀባ ይሆናል፤ ሁለቱም «ኢቱም» ይሉታል። በሞተ ሽፋን ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ለዓይን ያምራል፣ ዝናብን ግን አያስቆምም። አሮጌውን ሳያነሱ በላዩ መለጠፍም ውስጡ እርጥብ ከሆነ አዲሱን ያስነፋዋል። «ምን ትነሳላችሁ? ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ዝንባሌውን ታስተካክላላችሁ? የዱድ ሼሜሹን ጋን ታነሳላችሁ ወይስ ዙሪያውን ብቻ ትቀባላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ይገልጣል። ለጠፍጣፋ ጣራ ሽፋን 1752 የሚባል የእስራኤል መለኪያ አለ፤ ሥራው በእርሱ መሠረት ይሆናል የሚል ቃል ውሉ ላይ ይግባ። ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ካብላን ይኖራል።

በካብላኖች ምዝገባ ላይ ስሙ መኖሩን ልጆች በኢንተርኔት ማየት ይችላሉ። ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ፣ በከፍታ ላይ ለመሥራት የተሰጠ የሥልጠና ወረቀትም ይጠየቅ፤ ከ2 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሰው እ.ኤ.አ. የ2007 የደህንነት ደንብ ያስገድዳል። ሠራተኛ ከጣራችሁ ቢወድቅ ጥያቄው ወደ ሕንፃው ሊመጣ ይችላልና ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከ5 ዓመት በፊት የሠራው ሕንፃ አድራሻ ነው። ባለፈው ወር የሠራውን ማሳየት ቀላል ነው፤ አምስት ክረምት ያለፈበትን ሄዳችሁ የመጨረሻውን ፎቅ ሰዎች አነጋግሩ።

በስልክ እየደወሉ «የዛሬ ዋጋ ብቻ» የሚሉ አሉ። በስልክ ተነጋግሮ ውል ለገባ ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው ሕጉ የመሰረዣ ጊዜውን እስከ 4 ወር አራዝሞለታል፤ ሥራው ከተሠራ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። የሚሻለው መልስ «ቫአዱን አነጋግሩ» ነው። ጣራው የጋራ ስለሆነ ውሉንም የሚፈርመው ቫአዱ ነው።

ክፍያው በየደረጃው ይሁን፤ ሲጀመር ጥቂት፣ መሃል ላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከውሃ ፈተናው በኋላ። ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ቅናሽ ቢመስልም ዋስትናውን ይዞት ይሄዳል። ዋስትናው የካብላኑ ወይም የድርጅቱ ሙሉ ስምና ቁጥር፣ የሥራው ቀን፣ ምን እንደሚሸፍንና ስንት ዓመት እንደሆነ የተጻፈበት ይሁን። ፈተናው እንዲህ ነው፦ መውረጃዎቹ ተደፍነው ጣራው ላይ ውሃ ለ72 ሰዓት ይተኛል፣ የመጨረሻው ፎቅ ሰዎችም ኮርኒሳቸውን ያያሉ። ካብላኑ «አያስፈልግም፣ እኔን እመኑ» ካለ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙት።

ጣራው አዲስ ከሆነ በኋላም በየዓመቱ ከሱኮት በፊት አንድ ሰው ወጥቶ መውረጃዎቹን ይጥረግ። አዲስ ጋን ወይም ማዝጋን የሚያስገባ ቴክኒሻን ሲመጣም የጣራውን ቁልፍ የያዘ ሰው አብሮት ይውጣ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሳ። የዋስትናውን ወረቀት አንዱን ኮፒ ቫአዱ፣ አንዱን የመጨረሻው ፎቅ ይያዘው።