ተጨማሪ መረጃ፦ ትራማዶል እና የጉበት ሥራ

ከሕመም ማስታገሻዎች መካከል ሞርፊን ከተክል ይወጣል፤ ትራማዶል ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን ውስጥ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ሕመም፣ ለስብራትና ለካንሰር ሥቃይ ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም በያዘ ካፕሱል።

የሚገርመው፣ የምንውጠው ትራማዶል ራሱ ኃይሉ ደካማ ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም ወደ ሌላ ውህድ ሲለውጠው ነው የሚበረታው። የኢንዛይሙ ጂን በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይገኛል፤ በእነርሱ ሰውነት ለውጡ እጅግ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ጂን ነበራቸው። «ለእኔ ተስማምቶኛል» ብሎ ለጎረቤት ፍሬ ማካፈል፣ ደግነት ቢመስልም፣ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መጠኑ ሲበዛ፣ በተለይም ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ፣ ሰውየው ያንቀላፋል፤ ትንፋሹ ይዘገያል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ መድኃኒት ትንፋሹን ሊመልስለት ይችላል። ትራማዶል የሚያስነሣውን የሚጥል መንቀጥቀጥ ግን አያቆምም። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሱስ ሊይዘው ስለሚችል፣ በሐኪም ክትትል መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አያቋርጥም።