የሰማይ ትምህርት ለጊምቢቹ ልጆች

ሕፃን ልጅ አፉን ከፈታበት ቀን አንሥቶ ወላጆቹን ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የሰማይ ነገር ነው። ፀሐይ ማታ ወዴት ትገባለች፤ ጨረቃስ ስለ ምን ትጎድላለች፤ ከዋክብትስ ስንት ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ለጥያቄው መልስ ያገኘ ልጅ አእምሮው እንደ ለማ እርሻ የተዘራበትን ሁሉ ያበቅላል። ዝም በል ተብሎ የተገሠጸ ልጅ ግን መጠየቁን ይተዋል፤ መጠየቁን ከተወ በኋላም ተማሪ ቤት ቢገባ የሚማረው ፈተና ለማለፍ እንጂ ለማወቅ አይሆንም። ስለዚህ የሰማይን ነገር ለልጆች ማስተማር ትርፍ ጨዋታ ሳይሆን የዕውቀትን በር መክፈት መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም።

በዚህ ረገድ በኢትዮጵያ የተሠራው ሥራ ጥቂት አይደለም። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ1996 ዓ፡ም፡ ተቋቋመ። በ2007 ዓ፡ም፡ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የከዋክብት መመልከቻ ተመርቆ ተከፈተ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ፡ም፡ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተመጥቃ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ምድርን እየዞረች የእርሻውንና የደኑን ሁኔታ እንድትመለከት ሆነች። በ2015 ዓ፡ም፡ መጀመሪያም በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቶ፤ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው የሚጎበኙት የዕውቀት ቤት ተገኘ።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች ያሉት በአዲስ አበባና በአፋፏ ነው። በሐዲያ በሶሮ አገር በምትገኘው በጊምቢቹ የሚኖር ገበሬ ልጁን ይዞ እንጦጦ ይውጣ ቢባል፤ ወደ ሆሳዕና ወጥቶ ከዚያም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፤ ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ከፍሎ ነው። ስንዴውንና እንሰቱን ትቶ፤ ከልጆቹም አንዱን መርጦ ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አይገኝም። እንግዲህ ልጁ ወደ መመልከቻው መሄድ ካልቻለ መመልከቻው ወደ ልጁ መምጣት ይገባዋል። ይህም እንደሚመስለው ከባድ ነገር አይደለም፤ ለሰማይ ትምህርት ዋናው መሣሪያ ሰማዩ ራሱ ነውና፤ ሰማይ ደግሞ ለጊምቢቹ ሰው ከማንም ያላነሰ ተሰጥቶታል።

ለዚህም ምስክር አለ። ጊምቢቹ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ7 ዲግሪ ተኩል ገደማ የምትገኝ ስለ ሆነች፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ይኸውም በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፤ በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀኖች በተማሪ ቤቱ ሜዳ ላይ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ቢተከል፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ጥላው ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። በታኅሣሥ የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ይዞራል። ልጆች ይህን በየወሩ በድንጋይ ምልክት እያደረጉ ቢከታተሉ፤ ምድር ዘንበል ብላ በፀሐይ ዙሪያ እንደምትሄድ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ሜዳቸው ይማራሉ። ይህን ትምህርት በአውሮፓ ያለ ልጅ በአገሩ ሊያየው አይችልም፤ በዚያ ፀሐይ በአናት ላይ ቀጥ ብላ አታልፍምና።

ሌሊቱም እንዲሁ ነው። የእንጦጦ መመልከቻ የከተማው መብራት እየበዛ ስለሚያስቸግረው በላሊበላ አካባቢ ባሉ ተራሮች ላይ ሌላ ሥፍራ ለማግኘት ጥናት ተደርጓል። በሶሮ ገጠር ግን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከዋክብት ጥርት ብለው ይታያሉ። በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ያየ ልጅ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ያገኛል፤ ተራራ በማይጋርድበት ሥፍራ ወደ ሰሜን ቢዞር ደግሞ የሰሜንን ኮከብ በአድማሱ አጠገብ ዝቅ ብሎ ያየዋል። ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን በአድማሱ ላይ ቢያኖር ኮከቡ ከጡጫው ስፋት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ይህም ከፍታ የአገሩን ዲግሪ ይነግረዋል። ሁለቱን የሰማይ ወገኖች እንዲህ አጣምሮ ማየት ለብዙ ሕዝብ ያልተሰጠ ዕድል ነው።

ትምህርቱ በቤት ውስጥም ሊጀመር ይችላል። በ2012 ዓ፡ም፡ የዓለም የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር ለየአገሩ ሕዝብ አንድ ኮከብና እርሷን የምትዞር አንዲት ዓለም እንዲሰይም ዕድል በሰጠ ጊዜ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ ቡና፤ በክብደቷ ከጁፒተር የምትበልጠው ተከታይዋ ደግሞ አቦል ተብለው ተሰየሙ። ኮከቢቱ ያለ መነጽር በዓይን ብቻ የምትታይ አይደለችም። ሆኖም እናት ቡና አፍልታ አቦሉን በምትቀዳበት ሰዓት ይህ ነገር ለልጆች ቢነገራቸው፤ ሰማይ የሩቅ ሰዎች ርስት ብቻ አለመሆኑን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያውቃሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በዚህ ሥራ እንግዶች አይደሉም። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ካህን የፀሐይን ዑደት በ28፤ የጨረቃን ዑደት በ19 ዓመት ይቈጥራል፤ ሁለቱንም አባዝቶ የ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ያወጣል፤ አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ያውቃል። ስለ ብርሃናት መመላለስ የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የጨረቃን ዕድሜ አስልቶ የሚናገር መርጌታና በቴሌስኮፕ የጨረቃን ተራራ የሚያሳይ መምህር በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ፤ አንዱ የሌላውን ያጸናል እንጂ አያፈርስም። ልጆችም የአባቶቻቸው ዕውቀትና የዘመኑ ዕውቀት ጠላቶች አለመሆናቸውን በዓይናቸው ያያሉ።

ይህን ሁሉ ነገ ይደረጋል ብሎ ማቆየት የማይቻልበት አንድ ታላቅ ምክንያት አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ፡ም፡ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ትጋረዳለች። በግብፅ፤ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ባለፈው መሥመር ላይ ፈጽማ የምትሰወር ሲሆን በኢትዮጵያ ግን በከፊል ትጨልማለች። ፈጽማ ካልተሰወረች ደግሞ የቀረው ብርሃን ዓይንን የሚጎዳ ነው። ብርሃኑ በዓይን ውስጥ ያለውን ስስ መጋረጃ ሲያቃጥለው ሕመም አይሰማም፤ ልጁ መጎዳቱን የሚያውቀው ቈይቶ ማየት ሲሳነው ነው። በጥላሸት የጠቆረ መስተዋት፤ የራጅ ፊልም፤ በሣሕን የተቀመጠ ውኃም ቢሆን አያድንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ፡ም፡ ፀሐይ በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ ይህ ምክር ተነግሮ ነበር፤ አሁንም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለዚሁ የተሠራና ደረጃው የተረጋገጠ መነጽር ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ደግሞ ልጁ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፤ በመርፌ በተበሳ ካርቶን ቀዳዳ ያለፈውን ብርሃን በሌላ ነጭ ወረቀት ላይ ይቀበለው። በወረቀቱ ላይ እንደ ማጭድ የጎደለች ትንሽ ፀሐይ ትታየዋለች። በእናቱ ወንፊት ያለፈው ብርሃንም በየቀዳዳው ልክ ብዙ ትንንሽ ማጭዶችን በመሬት ላይ ሊሥልለት ይችላል።

ነገር ግን ያ ቀን የሚውለው በክረምት ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ልጆች በየመንደሩ በተበተኑበት ወራት ነው። ደመናው ቢጋርደው እንኳ ሲገለጥ ሽቅብ የሚያይ ልጅ አይታጣም። ስለዚህ ምክሩ ተማሪ ቤት ሳይዘጋ በመምህራን፤ ከተዘጋ በኋላም በካህናት፤ በወንጌል ሰባኪዎችና በመስጊድ አስተማሪዎች ቃል በየመንደሩ ሊደርስ ያስፈልጋል። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በምትሠርቅበት ቀን በፀሐይና በምድር መካከል ስታልፍ መሆኑን ካህኑ ከቀመሩ ጋር አገናኝቶ ቢያስረዳ ፍርሃት ይርቃል። በዕለተ ስቅለት የሆነው ጨለማ ጨረቃ በምልዓቷ ሳለች ስለ ሆነ ከተለመደው ግርዶሽ የተለየ ተአምር መሆኑንም ሊቃውንት ይህንኑ ሥርዓት በማወቃቸው ያስተምራሉ።

ከሹማምንት የሚፈለገው ታላቅ ሕንፃ አይደለም። አንድ ተንቀሳቃሽ ቴሌስኮፕ፤ በአጠቃቀሙ የሠለጠኑ ሁለት መምህራን፤ ሰማይ ከሚጠራበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜም በየወሩ አንድ ምሽት ይበቃል። ለዚህ የሚመረጠው ሌሊት ጨረቃ ሰባት ወይም ስምንት ቀን የሆናት ጊዜ ነው፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ዳርቻ ተራራዋና ጕድጓዷ ጎልቶ ይታያልና። ሰዓቱ ሳይመሽ፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር እንዲመጡ፤ ሴቶች ልጆችም ሳይቀሩ እንዲያዩ፤ ለሕፃናቱም በሐዲይኛ እንዲነገራቸው ማድረግ ይገባል። በሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በማሠልጠን ቢያግዝ፤ የእንጦጦውም ተቋም መሣሪያና ምክር ቢያካፍል ሥራው ይቃናል። የመጀመሪያዋ ሳተላይት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ፡ም፡ መመጠቋ በሚታሰብበት፤ ከመስቀል በዓል ጥቂት ቀን በኋላ በሚውለው በዓለም የስፔስ ሳምንት ቢጀመር ደግሞ የተመቸ ነው።

ከኦሞ ወንዝ ማዶ በከፋ አገር በቦንጋ በ1940 ዓ፡ም፡ የተወለዱት ቅጣው እጅጉ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፤ በጃፓንም ትምህርታቸውን ቀጥለው በዩናይትድ ስቴትስ የጠፈር መሐንዲስ ለመሆን በቁ። ከጠቅላይ ግዛት ተነሥቶ እዚህ ማዕርግ መድረስ የሚቻል መሆኑን የእርሳቸው ሕይወት ያስረዳል። በጊምቢቹም ዛሬ ጨረቃ ስለ ምን ትጎድላለች ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አለ። ጥያቄው ሳይበርድ፤ ዓይኑም ሳይጎዳ መልሱን ማድረስ ሹመት ከተቀበለና ማስተማር ከተሰጠው ሰው ሁሉ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።