ተቆጣ፣ ገሠጸ፣ ወቀሰ፣ ዘለፈ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ለማስተማር ልምምድ የወጣ አንድ ዕጩ መምህር በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ስኮልድ» የሚል ቃል ገጠመውና «ሰደበ ማለት ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። በንባቡ ውስጥ ያለችው እናት ግን ልጇን የተቆጣችው ዝናብ ሲመታው ስለ ዋለ ነበር። እንግዲህ በአንድ ቃል ስሕተት ደኅናዋ እናት ተሳዳቢ ሆና ቀረች! እኛም ነገ ክፍል ገብተን መቆጣታችን አይቀርምና፣ የእነዚህን ቃላት ዘር መመርመሩ አይከፋም።

ከ«ተግሣጽ» እንነሣ። ቃሉ ግዕዝ ነው፤ «ገሠጸ» መከረ፣ አስተማረ፣ አረመ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከመጽሐፈ ምሳሌ 25ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያለው ክፍል ራሱን ችሎ «መጽሐፈ ተግሣጽ» ይባላል። ሊቃውንት መጽሐፉን ከግሪክ ሲተረጉሙ «ተግሣጽ» ያሉት «ፓይዴያ» የሚለውን ቃል ነው፤ ይኸውም ልጅን አስተምሮ ማሳደግ ነው። ለፈተና የምናጠናው «ፔዳጎጂ» ሳይቀር የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ታዲያ ትምህርት የሌለበትን ጩኸት ተግሣጽ ማለት እንዴት ይሆናል?

«ወቀሳ» የሙግት ልጅ ነው። በግዕዝ «ተዋቀሰ» ማለት ተከራከረ፣ ተሟገተ ማለት ነው። አማርኛው ቃሉን ከችሎት አውጥቶ ወደ ወዳጅነት ቢያስገባውም የሙግቱ ጠባይ አልለቀቀውም፤ ወቃሽ ካለ ተወቃሹም መልስ አለው። የምንወቅሰውም የምንቀርበውን ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘነውን ባዕድ ማን ይወቅሳል? «ዘለፋ» ከዚህ ይለያል። በግዕዙ ጥፋትን ገልጦ መንቀፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰውን ማዋረድ ተጨምሮበታል፤ መልስም አይጠብቅም።

የቤቱ አማርኛማ ምን ቸግሮት! «ነዘነዘ» እና «ጨቀጨቀ» ድምፃቸው ራሱ ይደጋገማል፤ ነዝናዡም እንደዚያው ነው። «ገላመጠ» ቃል አያሻውም፣ ዓይን ይበቃዋል። «ልክ ልኩን ነገረው» ሲባል ደግሞ ቁጣው እንደ እህል ተሰፍሮ የተሰጠ ይመስላል።

ወደ «ስኮልድ» እንመለስ። ከጥንቱ የስካንዲናቪያ ቋንቋ፣ «ስካልድ» ከሚለው እንደ መጣ ይታመናል፤ ስካልድ ገጣሚ ነው። ገጣሚና ቁጣ ምን አገናኛቸው? ስካልድ ንጉሥ የሚያወድሰውን ያህል በግጥም ያዋርድም ነበር። ይህ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪ በማሲንቆው ሲያሞግስ አምሽቶ በአንዲት ስንኝ ሲሸነቁጥ ያላየ ማን አለ? በእንግሊዝ አገር ጎረቤት የምታውክ ተቆጪ ሴት በዚሁ ስም ትከሰስ፣ ወንበር ላይ ታስራም ውሃ ውስጥ ትነከር ነበር። ቅጣቱ ቀድሞ ቢቀርም ወንጀሉ ከሕግ የተፋቀው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን «ስኮልድ» ተቆጣ ነው፤ በተለይም ትልቅ ሰው ልጅን ሲቆጣ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ «ሪብዩክ» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን መትቶ መመለስ፣ «ሪፕሪማንድ» ደግሞ ከላቲን ሲሆን ወደ ኋላ መጫን፣ መግታት ነበር። «ጆቤሽን» የሚባል ብዙም የማይሰማ ቃል አለ፤ ረጅምና አሰልቺ ቁጣ ሲሆን የመጣው ከጻድቁ ኢዮብ ስም ነው። ኢዮብን ያን ያህል በንግግር ያደከሙት ወዳጆቹ ናቸውና መቼም ስሙ ያለ ቦታው አልገባም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አርጩሜው ከክፍል ከወጣ ለመምህሩ የቀረው ቃሉ ነው። ከዳባት ገጠር በጭቃ በእግሩ የመጣ ልጅ አርፍዶ በሩ ላይ ቆመ እንበል። «አንተ ሰነፍ!» ብንለው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። «ምነው ዛሬ አረፈድህ?» ብንለው ግን ወቅሰነዋልና ይመልሳል፦ «ወንዙ ሞልቶ እስኪጎድል ጠብቄ ነው፣ የኔታ።»